ዘጠና ዘጠኝ ይሁንልን

«ዘጠና አምስቷን አልተቀበልናትም» አለ ራንጌል፣ ዳቦው ላይ የቃሪያ ድልህ እየቀባ። «ዘጠና ዘጠኝ አስደረግናቸው። ማን ያስደረጋቸው ይመስልሻል? ይኸው፣ እኔ ነኛ!»

ዝላትካ የሻይ ብርጭቆዋን አፏ ሳታደርስ መለሰችው። ሐሙስ ሐሙስ ኮሌጅ ገብታ ከማስተማሯ በፊት ታናሽ እህቷ ቬኔታ ቤት ጎራ ማለት ልማዷ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄደው ትሮሊባስ ከደጃፋቸው ይነሳል፤ ደግሞም ቬኔታ ከባሏ ከራንጌል ጋር ብቻዋን ቁርስ ስትቀርብ ዝምታው የሚያንቃት ይመስላታል። ወጥ ቤቱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። መስኮቱ ከተከፈተ ዓመታት አልፈዋል፤ ከፊት ለፊት የማቅለጫ ፋብሪካው ጭስ ማውጫ ተገትሯል፣ ቬኔታም በየማለዳው የመስኮቱን ደፍ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች፣ ጨርቁም በየማለዳው ግራጫ ሆኖ ይነሳል። ጠረጴዛው ላይ ነጭ አይብና ለአራት የተከፈለ አንድ ቲማቲም አለ። በመጋቢት የቲማቲም ኪሎ አምስት ሌቫ ገብቷልና አንድ ብቻ መገዛቱን ማንም እንደ ንፍገት አልቆጠረውም። የአምስት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ራሊ ከቲማቲሙ ፍሬ ፍሬውን እየለቀመች ትበላለች። እናቷ ስፔን እንጆሪ ለቀማ ከሄደች ሁለተኛ ዓመቷ ስለሆነ ልጅቷን የሚያሳድጓት አያቶቿ ናቸው።

ራንጌል የሚፎክርበትን ነገር ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። የራሊ መዋዕለ ሕፃናት የተሠራው ከማቅለጫው የጀርባ ግንብ ተጠግቶ ነው፤ ያኔ የሠራተኛ ልጅ ከእናቱ አይራቅ ተብሎ ነበር። ባለፈው መከር ራሊን ጨምሮ የአሥራ ሁለት ልጆች ደም ተወስዶ ሲመረመር ፋብሪካው የሚያቀልጠው መርዘኛ ብረት፣ እርሳስ፣ ተገኘበት። ልኬቱ ከአምስት መብለጥ የለበትም ይባላል። የከተማው ምክር ቤት መቼም ሲጨንቀው ደንብ ማውጣት አያቅተውምና እንዲህ ሲል ወሰነ፤ ከመቶ በላይ ልጅ ባለበት ቤት አሥራ ሁለት ልጅ ጥቂት ነው፣ ስለዚህ የእነሱን አማካይ ብቻ ይዘን አንፈርድም፤ ሐኪሙ የልጆቹ ሁሉ እውነተኛ አማካይ «ከዚህ እስከዚህ ይሆናል» የሚለውን ክልል አስልቶ ያምጣ፤ የክልሉ ታችኛው ጫፍ ከአምስት በላይ ከሆነ መዋዕለ ሕፃናቱ ከወንዙ ማዶ፣ ባዶውን ወደተቀመጠው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ይዛወራል። ያለፈው ሐሙስ ማታ ሐኪሙ ዶክተር ታሼቭ በነዋሪው ስብሰባ ላይ ውጤቱን አነበበ። በዘጠና አምስት በመቶ እርግጠኝነት፣ ከአምስት ነጥብ ሦስት እስከ ዘጠኝ ነጥብ ሰባት። ታችኛው ጫፍ ከአምስት በላይ ነው። አለቀ፣ ደቀቀ። እጅ ማውጣት ብቻ ቀርቶ ነበር። ዝላትካ ያን ቀን ፈተና ስትቆጣጠር አምሽታ ስብሰባው ላይ አልነበረችም፤ ቁጥሩን ብቻ ከሰው ሰምታ ሳምንቱን ሙሉ ነገሩ ያለቀ መስሏት ቀለል ብሏት ነው የከረመችው።

«እናማ ተነሳሁ» አለ ራንጌል ደረቱን ነፍቶ። «‹አምስቱስ?› አልኳቸው። ‹መቶ ልጅ ቢኖር ዘጠና አምስቱን አያችሁ፤ አምስቱን ጅብ በላቸው? የኔ ራሊ ከአምስቱ አንዷ ብትሆንስ?› አዳራሹ ተናጋልሽ! ምክትል ከንቲባዋ ራሷ ፈገግ ብላ፣ ‹መቶማ ሳይንስ አይሰጥም ጋሽ ራንጌል፣ ዘጠና ዘጠኝ ግን እንችላለን፣ ካላችሁ ይሰላ› አለች። ሁላችንም እጃችንን አወጣን። ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አዲሱ ይነበባል።»

ዝላትካ ወረቀት አላስፈለጋትም። ይህን ሒሳብ ለሃያ ዓመታት ሰሌዳ ላይ ጽፋ አጥፍታዋለች። መካከሉ ሰባት ተኩል ነው፤ ለዘጠና አምስቱ ወደ ታች ሁለት ነጥብ ሁለት ወርዶ ነበር፣ ለዘጠና ዘጠኙ ሦስት ነጥብ አንድ ይወርዳል።

«ራንጌል፣ አራት ነጥብ አራት ነው የሚሆነው» አለች። «እርግጠኝነቱ ሲጨምር ክልሉ ይሰፋል። ታችኛው ጫፍ ከአምስት በታች ይገባል። በገዛ ደንባቸው ልጆቹ ከዚያ ግንብ ሥር አይነቃነቁም።»

«እና ይበልጥ እርግጠኛ ሲሆኑ ይበልጥ አያውቁም ነው የምትይኝ?»

«ቧንቧ ሠሪውን ሜቶዲን አስበው። ‹ማክሰኞ እመጣለሁ› ቢልህ አታምነውም። ‹ከዛሬ እስከ ፋሲካ ባለው እመጣለሁ› ቢልህ ታምነዋለህ። ግን ምን ነገረህ?»

«ሜቶዲ ያለፈው ፋሲካም አልመጣ» አለ ራንጌል። በራሱ ቀልድ ሊስቅ ጀምሮ ፊቷን ሲያየው ተወው። «አንቺ ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ። ሰው ትንሽ ደስ ሲለው ቁጥር ይዘሽ ከች ትያለሽ።»

በራንጌል መፍረድ አይቻልም። ዕድሜውን የጨረሰው ማቅለጫው ውስጥ ነው፤ ብዕር የያዘ ሰው ሁሉ እየመጣ «አይዞህ፣ ምንም አይልም» ሲለው ኖሮ አሁን ደረጃ ሲወጣ በየፎቁ ያርፋል። «አምስቱስ?» ብሎ መጠየቁ የቂል ጥያቄ አልነበረም፤ የተታለለ ሰው ጥያቄ ነበር። ዝላትካን ያንገበገባትም ይኸው ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሆነና፣ እጃቸው የገባውን ነገር በገዛ እጃቸው መልሰው አስረከቡ። ወደ እህቷ ዞር ብላ ብታይ ቬኔታ ጀርባዋን ሰጥታ ቀድሞ የተወለወለውን የመስኮት ደፍ እንደገና ትወለውላለች። ዝላትካ ድካም ነው ብላ አለፈችው።

ኮሌጅ ስትደርስ የሒሳብ አያያዝ ተማሪዎቿ ተሰብስበዋል። የዕለቱን ትምህርት ትታ ሰሌዳው ላይ ቁጥሮቹን ጻፈችና «እርግጠኝነቱን ወደ ዘጠና ዘጠኝ ብናሳድገው ክልሉ ምን ይሆናል?» ስትል ጠየቀች። «ይሰፋል!» አሉ በአንድ ድምፅ፣ ልክ የቅዳሴ ተሰጥኦ እንደሚመልስ ምእመን። ዘጠና አምስት ማለት ምን እንደሆነ ስትጠይቃቸውም የፊት ወንበሯ ልጅ አንድ ሳታዛንፍ ወጣችው፤ ከልጆቹ ዘጠና አምስት በመቶው ማለት አይደለም፣ እንዲህ ያለውን ምርመራ በሌላ በሌላ አሥራ ሁለት ልጅ መቶ ጊዜ ብንደጋግመው ከሚወጡት መቶ ክልሎች ዘጠና አምስት ያህሉ እውነተኛውን አማካይ ይይዙታል ማለት ነው። እንደጨረሰችም «ለፈተና ይመጣል እንዴ?» አለች። ዝላትካ የማንን ደም እንደሚያሰሉ ነገረቻቸው። ከኋላ አንዱ፣ አባቱ ማቅለጫው ውስጥ ፈረቃ የሚገባ፣ «መምህርት፣ ፋብሪካው በዚህ ሰበብ ቢዘጋስ የአባቶቻችን አማካይ ደመወዝ ከስንት እስከ ስንት ይሆናል?» ብሎ ጠየቀ። ሳቁ። እሷም ፈገግ አለች፤ ልጁ የጠየቀው እውነቱን ነበር። ደወሉ እስኪደወል ሌላ ነገር አስተማረች፤ ምን እንዳስተማረች ግን አታስታውሰውም።

ዶክተር ታሼቭን ያገኘችው በምሳ ሰዓት ነው። ቢሮው የጤና ጽሕፈት ቤቱ ምድር ቤት ሲሆን መስኮቱ ከእግረኛ መንገዱ እኩል ስለሆነ የሚያልፍ የሚያገድመው ጫማ ብቻ ይታያል። ሠላሳን ብዙም ያላለፈ፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ባለ አይብ ቂጣውን ከነወረቀቱ ዘርግቶ ይበላል። ገና ስሟን ሳትጨርስ «አውቃለሁ» አላት። «ያን ማታ ቤቴ ገብቼ አሰላሁት። አራት ነጥብ አራት።»

«ታዲያ እዚያው ለምን አልተናገሩም?»

«ምን ልበል መምህርት? አዳራሹ ሙሉ ሰው እያጨበጨበ ‹የለም፣ እርግጠኝነታችሁ ይቀንስ› ልበል?» ቂጣውን ጠቀለለና ወደ ጎን ገፋው። «ምክትል ከንቲባዋኮ ኢኮኖሚክስ ነው የተማሩት። ፈገግ ሲሉ አይቻቸዋለሁ። እኔ በልቤ ሳሰላ እሳቸው ጨርሰው ነበር።»

ዝላትካ ብዙ ልጅ ቢመረመር ክልሉ እንደሚጠብ አነሳችበት። እሱም የሚያውቀውን ነገር እንደሚሰማ ሰው በትዕግሥት ሰማት። የክልሉን ስፋት በግማሽ ለማጥበብ የልጆቹ ቁጥር አራት እጥፍ መሆን አለበት፤ አርባ ስምንት ልጅ ማለት ነው። በመከር ጊዜ በየቤቱ እየዞረ ለምኖ እሺ ያሉት የአሥራ ሁለት ልጅ ወላጆች ብቻ ናቸው። የቀሩት የሚበሉት እንጀራ ከዚያው ከጭስ ማውጫው ሥር ነው የሚወጣው፤ የልጃቸውን ክንድ ዘርግተው በገዛ አሠሪያቸው ላይ ምስክር አያቆሙም። «አልፈርድባቸውም» አለ ታሼቭ። ስትወጣ እጇን ጨብጦ «ሰዉ ራሱ ወደ ዘጠና አምስት መልሱልን ካለ እኔ ያለፈውን ውጤት መልሼ አነበዋለሁ። ሰዉ ራሱ ማለት አለበት» አላት። ይህች ብቻ ነበረች የቀረቻት። ተስፋ ከተባለች።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ቆመች። ወላጆች ልጆቻቸውን ሊወስዱ ይመጣሉ፤ ከግንቡ በላይ ቢጫ ቢጤ ጭስ ወደ ወንዙ ይነዳል፤ ልጆቹ ከግቢው የሰበሰቡትን ጠጠር በኪሳቸው ሞልተው ይወጣሉ። ዝላትካ አንድ በአንድ እያስቆመች አስረዳች። የቧንቧ ሠሪውን ምሳሌ ደጋገመችው፤ አንዳንዱ ሳቀና አለፈ። ዛሬ ማታ «ዘጠና አምስቱ ይበቃናል» በሉ ስትል ግን ፊታቸው ይጠቁራል። የማቅለጫው ምግብ ቤት ሠራተኛ ጊንካ ነጭ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰማቻት።

«ቆይ እስቲ እትዬ፣ እኔ ያልተማርኩ ነኝ፣ አይግረምዎት» አለች። «ስለ ልጄ ዘጠና ዘጠኝ እርግጠኛ ነን ሲሉኝ፣ የለም ዘጠና አምስት ይበቃኛል ልበል ነው የሚሉኝ? ገበያ ወርጄ ሚዛኑን አጉድልልኝ ብዬ እንደመለመን?»

«ሚዛኑ አይደለም የሚጎድለው ጊንካ…»

«ለኮሌጃችሁ ኮምፒውተር ያስገባላችሁ ማን ነበር?»

ዙሪያው ያለው ሰው ወደ ዝላትካ ዞረ። ኮምፒውተሮቹን የሰጠው ማቅለጫው ነው፤ ሪባን ሲቆረጥ ዝላትካም ከኋላ ቆማ አጨብጭባለች። ምንም የበደለችው ነገር ሳይኖር ፊቷ ሲግል ተሰማት፣ ይህንንም ሁሉም አየ። የተናገረችው ሁሉ ከዚያች ደቂቃ ወዲያ ገደል ገባ። ራሊን ልትወስድ የመጣችው ቬኔታ በሩ ጋ ቆማ ይህን ሁሉ ሰምታለች። እህቷን አልተከላከለችላትም። የልጅቷን ኮት ቆልፋ፣ ኪሷን ገልብጣ ጠጠሩን አራግፋ፣ «እንሂድ፣ ይመሻል» አለች።

የሰፈሩ የባህል አዳራሽ ከሰዓቱ በፊት ሞላ። ማሞቂያው ስለተበላሸ ሰው ኮቱን እንደደረበ ነው የተቀመጠው። ራንጌል ከፊት፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፎ፣ ሰርግ የደገሰ መስሏል። ዶክተር ታሼቭ ከወረቀቱ ቀና ሳይል አነበበ። በዘጠና ዘጠኝ በመቶ እርግጠኝነት፣ ከአራት ነጥብ አራት እስከ አሥር ነጥብ ስድስት። መጀመሪያ «ዘጠና ዘጠኝ» ሲባል ተጨበጨበ። ጭብጨባው ሲበርድ ምክትል ከንቲባዋ ተነሱ፤ ድምፃቸው ለስላሳ ነው፣ የሚጠሏቸው እንኳ ይወዱታል። በነዋሪው በራሱ ጥያቄ መሠረት ጥብቁ መለኪያ ሥራ ላይ መዋሉን፣ ታችኛው ጫፍ ከአምስት በታች በመሆኑም ከመጠን ያለፈ እርሳስ መኖሩ አለመረጋገጡን፣ መዋዕለ ሕፃናቱ ባለበት እንደሚቆይ፣ በጀት ሲፈቅድ ምርመራው እንደሚደገም ተናገሩ። አዳራሹ ለአፍታ ያልገባው ነገር እንደሰማ ሰው ተያየ።

ዝላትካ እጇን አወጣችና ሁለት ደቂቃ ተፈቀደላት። «መካከሉ አልተነቃነቀም» አለች፣ ድምፅዋ እንዳሰበችው ሳይሆን ቀጭን ሆኖ ወጣ። «ያለፈው ሐሙስም ሰባት ተኩል ነበር፣ ዛሬም ሰባት ተኩል ነው። ልጆቹ ደም ውስጥ ያለው አልቀነሰም። እኛ ነን እጃችንን ሰፋ አድርገን የዘረጋነው። ከአምስት በታች ሊሆን ይችላል ማለትና ከአምስት በታች ነው ማለት ለየቅል ናቸው።» ከኋላ አንድ ድምፅ «ኮምፒውተሯ ተናገረች» አለ፣ የፈራውም ያልገባውም ሰው በሳቁ ተገላገለ። እሷ ስትቀመጥ ራንጌል ተነሳ። ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ የሰማው ነገር አሁን ነው የገባው፤ ከአንገቱ በላይ ደም ለብሷል።

«ወደ ዘጠና አምስቱ መልሱት» አለ።

ምክትል ከንቲባዋ አልተቆጡም። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ እንደ ቤተሰብ፣ «ጋሽ ራንጌል፣ ስለ ልጅ ልጅዎ ያለን እርግጠኝነት ይቀነስ ነው የሚሉን?» ሲሉ ጠየቁት።

ራንጌል ወደ አዳራሹ ዞረ። ያን ያህል ሰው ፊት፣ እሱ ራሱ ባለፈው ሳምንት ያስተማራቸው ሰዎች ፊት፣ ምን ይበል? «አይ» አለ በመጨረሻ፣ «እሱንስ አላልኩም»፤ ተቀመጠም። መዋዕለ ሕፃናቱ ባለበት ይቆይ ተብሎ እጅ ሲወጣ የእሱም እጅ እስከ ትከሻው ድረስ ከፍ አለች፤ ከልምድ ይሁን ከሐፍረት አይታወቅም። ታሼቭ ወረቀቶቹን ቦርሳው ውስጥ አጭቆ በጎን በር ወጣ።

ቤት ሲገቡ ራንጌል ኮቱን ሳያወልቅ መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋው። ዝላትካ ትሮሊባሱ እስኪመጣ ብላ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቁጭ አለች። ራሊ ሾርባዋን ጠጥታ ተኝታለች። ቬኔታ የልጅቷን የመዋዕለ ሕፃናት ሽርጥ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ትተኩሳለች። ዝላትካ ስለ ጊንካም፣ በሩ ላይ ጥላት ስለመሄዷም አንድ ነገር ልትላት አስባ ነበር፤ ግን አቅም አጣች። ዕድሜ ልኳን የምታስተምረው ነገር ለገዛ እህቷ ቤት እንኳ እንዳልጠቀመ ስታስበው አልቅሺ አልቅሺ አላት። ቬኔታ ካውያውን አቆመችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ዝላትካ፣ እስከ አሥር ነጥብ ስድስት ነው ያሉት፣ አይደል?» አለች።

«አዎ።»

«የራሊ አሥር ነጥብ ሁለት ነው።»

ዝላትካ ቀና አለች። የልጅቷን ውጤት ማንም ነግሯት አያውቅም። ጠይቃ ነበር፤ «እንደ ሌሎቹ ነው» ተብላ አልፋዋለች።

«ለማንም አልተናገርኩም፣ ለናቷም። ባለፈው ሐሙስ እስከ ዘጠኝ ነጥብ ሰባት ብቻ ሲሉ ልቤ ወለቀ። ውጭ ቀረችብኛ። ዘጠና አምስቱ ደህና ልጆች ክልሉ ውስጥ ናቸው፣ ራሊ ግን ከአምስቱ ናት አልኩ። እዚያው ራንጌልን ጎሸም አድርጌ በጆሮው ‹አምስቱስ በላቸው› አልኩት። ለዚያ ነው የተነሳው። እሱ ለሰፈሩ መሰለው እንጂ እኔ ለሷ ነው።» የሽርጡን አንገትጌ በጣቷ አስተካከለች። «ዛሬ ሲያነቡ ሌላውን አልሰማሁም። አሥር ነጥብ ስድስት ሲሉ ብቻ ሰማሁ። አሁን ገባች፣ አይደል? ከዘጠና ዘጠኙ ናት?»

ክልሉ የአማካዩ እንጂ የአንድም ልጅ አይደለም። ከክልሉ ውስጥ መሆን ደህና መሆን አይደለም፤ አሥር ነጥብ ሁለት ዘጠና አምስትም ቢሉት ዘጠና ዘጠኝ ያው አሥር ነጥብ ሁለት ነው፣ ከሚፈቀደው ልክም ከእጥፍ በላይ ነው። ዝላትካ ይህን ሁሉ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ትችላለች፤ ቀኑን ሙሉ ላልጠየቃት ሰው ሁሉ ስታስረዳ ነው የዋለችው። አሁን የጠየቃት ሰው ተገኘ። እህቷ ካውያውን ትታ፣ ሁለት እጆቿን ሽርጡ ላይ አሳርፋ፣ ከአፏ የሚወጣውን ትጠብቃለች። ልጅቷን የሚወስዱበት ሌላ መዋዕለ ሕፃናት የለም፤ የሚሄዱበት ሌላ ሰፈርም የለም።

«ገባች» አለች ዝላትካ።

ቬኔታ በረጅሙ ተነፈሰች። ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቷ ፈታ አለ፤ ሽርጡን አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

«እንግዲያው ነገ በጠዋት አደርሳታለሁ» አለች፤ «ቁርሷንም እዚያው ትብላ፣ ግቢው ውስጥ ትንሽ ትጫወት።»